ጠቅላላ ውክልና

ጎረቤቴ ብሩክታይት ባሏን የተበቀለችው በአንድ ገጽ ወረቀት ነው። ጩኸት የለ፣ ክስ የለ፣ ዘመድ ማስቸገር የለ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ከላምበረት አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰች፤ በመሐሉ የሰውየውን የአምስት ዓመት ምኞት አፈር አልብሳው መጣች። ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዛሬ ያ ደስታዬ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ውሸት ከምጽፍ ልፈር። ያን ቀን እውነትም ደስ ብሎኝ ነበር።

እኔ መኪያ እባላለሁ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የእሷና የእኔ በር ይተያያል። ምድር ላይ ሳፋ፣ ፔርሙስና ብርጭቆ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለድንም። ስለዚህ ዕድሜዋ የሚያልቀው በሰው ትዳር ነው ብሎ የሚያማኝ ቢኖር አልቀየመውም። በሌላ ነገር ግን እቀየማለሁ፤ ስቀየምም ቶሎ አይለቀኝም።

ብሩክታይት የኮተቤ ልጅ ናት። የአሥረኛ ክፍል ማትሪክ ሳይመጣላት ሲቀር መገናኛ አንድ መጋረጃ ቤት ገብታ ጠርዝ መስፋት ጀመረች። ከጠርዝ ወደ መቁረጥ፣ ከመቁረጥ ወደ መስቀል አለፈች፤ ሠላሳ ዓመት ሲሞላት የራሷን ሱቅ ተከራየች። አንድ ግትር ሕግ ነበራት፤ ሰው የለካውን አትቆርጥም። ደንበኛው መሐንዲስ ይሁን አናጺ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ሲያመጣላት ፈገግ ብላ ትቀበልና ሜትሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። ራሴ ካልለካሁት እጄ መቀስ አያነሳም ትላለች። ቦሌ አዳዲሶቹ አፓርታማዎች ውስጥ ስሟ የገባው በዚህ ነው። ባሏንም ለክታ ነው ያገባችው ብዬ እቀልድባት ነበር፤ አሁን ያ ቀልድ ከአፌ አይወጣም።

ባሏ መሐሪ ይባላል። ሲጋቡ ወጣት መምህር ነበር፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል በምታስኬድ አንዲት ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመደበ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ እሷ ምን አጠፋች። አንድ ዋና መንገድና አንድ ገበያ አላት፤ ከዚያ ውጭ የሚታየው ሰው ሁሉ ወይ ተማሪ ነው ወይ አስተማሪ። እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ ሆነው ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ሀይሚና አብኔዘር፣ በዓመት ከምናምን የሚበላለጡ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ላምበረት ይወርዳል፣ እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። በመሐሉ ህንድ ሄዶ ሦስት ዓመት ተምሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ በፎቃችን ላይ ዶክተር ሳይሉ ስሙን የሚጠሩት ሚስቱና እኔ ብቻ ነበርን።

ከህንድ ከተመለሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ያዘ፤ ቤተሰቡ አንድ ቦታ ይኑር። ይህን ማን ይጠላል? ጭቅጭቁ የት ነው የሚለው ላይ ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በበሩ በኩል እሰማዋለሁ። ሕይወትሽ በታክሲ ሰልፍ አለቀ ይላታል። እውነቱን ነው፤ ከአባዶ መገናኛ ለመድረስ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ ስትመለስም ሰልፉ ይጠብቃታል። እዚያ ግን ልጆቹ በእግራቸው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ለመምህራን ግቢ ያለው ቤት ይሰጣል። እሷ ደግሞ ደንበኞቿን፣ ኮተቤ ያሉትን እናቷን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ትጠራለች። እዚያ የሠላሳ ቤት መጋረጃ ሰቅዬ ስጨርስ ምን ልሥራ ትለዋለች። አንተ ናልን፣ አዲስ አበባ ኮሌጅ መቼ ጠፋ ስትለው ወሬ ይለውጣል። አንድ ቅዳሜ ብቻ እውነቱ አመለጠው። እዚያ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ፣ እዚህ ብመጣ ማን ያውቀኛል አላት።

እኔ ራሴ የቡታጅራ ልጅ ነኝ፤ ትንሽ ከተማ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስትታመሚ ሰፈሩ በሙሉ ይጠይቅሻል፣ ስታጠፊም ሰፈሩ በሙሉ ይጠይቅሻል። ስለዚህ ሐሳቡን አልጠላሁበትም፤ ብሩክታይትም ብትሆን ጨርሳ እምቢ አላለችም። ሀይሚ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ የከተማውን ፈተና ትፈተንና ክረምት ላይ ቁጭ ብለን እንወስናለን አለችው። የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ልጆቿ የት እንደሚኖሩ ሲወሰን እሷም እንድትኖርበት።

ኅዳር ላይ ቦሌ የሚከፈት አንድ አዲስ እንግዳ ማረፊያ የሠላሳ ሁለት ክፍል መጋረጃ ሊሰጣት ተስማማ። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝታ አታውቅም። ለውሉ የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ አምጪ አሏት፤ የእሷ ጊዜው አልፎበት ነበርና ማክሰኞ ጠዋት ወረዳ ሄደች። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትቀርብ ወጣቱ ሠራተኛ ስሟን ኮምፒውተር ላይ ጻፈ፣ ደግሞ ጻፈ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«እርስዎ እኮ የዚህ ወረዳ ነዋሪ አይደሉም። ለቀዋል።»

የሌላ ሰው ፋይል የከፈተ መስሏት የአያቷን ስም ጭምር ነገረችው። ልጁ ፋይሉን ከመዝገብ ቤት አስመጣ። መሸኛ ወጥቶላታል። አገር የሚቀይር ሰው ከወረዳው የሚወስደው የስንብት ደብዳቤ ማለት ነው፤ እሱ ከወጣ በኋላ ወረዳው አያውቅሽም፣ የሄድሽበትም ወረቀቱን እስኪቀበል ድረስ አያውቅሽም። በመሸኛው ላይ የመሐሪ ከተማ ስም ተጽፏል። ማን ነው ያስለቀቀኝ አለችው።

«ራስዎ ነዎት» አላት ልጁ፤ «በወኪልዎ በኩል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንዶሚኒየሙ በስሟ ሲወጣ የአብኔዘር ነፍሰ ጡር ሆና ወሯ ገብቶ ነበር። በየቢሮው መመላለስ ስላልቻለች ውልና ማስረጃ ሄዳ ለባሏ ውክልና ሰጠችው። ለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሊያጽፉ ሲሉ በር ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ጠቅላላ ይሻላችኋል፣ ሌላ ጊዜ እንዳትመላለሱ አላቸው። ሁላችንም የምንሠራው ስህተት ነው። ቢሮ መመላለስ የሰለቸው ሰው ጠቅላላ ከተባለ ነፍሱንም ይፈርማል። ያ ወረቀት ከዚያ ወዲህ መሐሪ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ማንም አላስታወሰውም፣ ከእሱ በቀር።

ከወረዳው ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። በሬን ሳታንኳኳ ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች። ሰውየው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሁሉንም አመነ። የመምህራን ቤት የሚሰጠው በነጥብ ነው፤ ሚስትና ልጆቹን ይዞ የሚኖር ሰው ብዙ ነጥብ ያገኛል። ማስረጃው የሚስት መሸኛና የልጆች የትምህርት ቤት መልቀቂያ ነው። ሁለቱንም አውጥቶ ኮፒያቸውን አስገብቷል፤ ዋናዎቹ እሱ ቢሮ ናቸው። ውጤቱ ዓርብ ይለጠፋል፣ አንደኛ ነኝ አላት፣ በደስታ። የልብስ ስፌት መኪናሽን ራሴ ተሸክሜ አመጣዋለሁ አላት።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «እስክትወስኚ ብጠብቅ ልጆቹ አድገው ያልቃሉ።»

ስልኩን ዘጋችው። አላለቀሰችም። ባለቀሰች ኖሮ ምናልባት እኔም አብሬ አልቅሼ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሀይሚ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዛ መጣች። አባቷ መልቀቂያ ስላወጣላቸው ስሟ ከስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ዝርዝር ወጥቷል። ዋናው መልቀቂያ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ከተመለሰ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ምዝገባው ይዘጋል። አብኔዘር ሰባተኛ ስለሆነ ምንም አይነካውም። ልጅቷ ደብዳቤውን ለእናቷ ሰጥታ ቆማ ጠበቀች። ዓርብ ሳይደርስ ይስተካከላል አለቻት እናቷ። ሀይሚም አምናት ልብሷን ልትቀይር ሄደች።

ረቡዕ ቦሌ ያሉት ሰዎች ሥራውን ለሌላ ሰጡት። የነዋሪነት መታወቂያ የሌላትን ሰው እንዴት እንዋዋላለን አሏት፤ ይቅርታ እንኳ ጠይቀዋታል። ያን ዕለት ሱቋን ዘግታ መጥታ እኔ ቤት ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ደሜ ፈልቷል። ይህችን ሴት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውቃታለሁ፤ የገዛ ደረጃዋን ወጥታ የገዛ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ነዋሪ አይደለሽም ተባለች። መጥቶ ቢሰድባት ይሻል ነበር። ስድብ ይመለሳል።

ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። መሐሪ ህንድ ሲሄድ ደመወዙንና ጉዳዩን የምትከታተልበት ውክልና ትቶላት አልነበረም? ጠየቅኋት። ሄዳ ከሰነዶቿ መሐል ፈልጋ አመጣችው። መነጽሬን አድርጌ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤ በማንኛውም መሥሪያ ቤት በመቅረብ እኔ ራሴ ተገኝቼ ልፈጽመው የምችለውን ማንኛውንም ጉዳይ በስሜ እንድትፈጽም ይላል። እንዳልተሻረም አረጋገጥን፤ ማን አስታውሶት ይሽረዋል።

«በወኪል ካስለቀቀሽ» አልኳት፣ «አንቺም በወኪል አስለቅቂው።»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። ከዚያ መጀመሪያ የልጅቷ ወረቀት ይቅደም አለችኝ። ነገ ሄጄ ልለምነው፣ መልቀቂያውን ይስጠኝ፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል አለች። ይህን ብላኛለች፤ አልደብቅም። እኔ ግን መለመን የሚለውን ቃል ስሰማ ይበልጥ ተቃጠልኩ። ይህ ሰው በድሎሽ እየሳቀ፣ አንቺ ልጅሽን ልትለምኚው ነው? ቤቱን አሳጪውና እዪው፣ ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ ይመጣል አልኳት። እንዲህ ስል ሀይሚ ከአብኔዘር ጋር በረንዳው ላይ ነበረች። በሩ ገርበብ ብሎ እንደነበር ያየሁት ኋላ ነው።

ሐሙስ ደንበኛ ዘንድ ስትሄድ የምትለብሰውን ጥቁር ልብሷን ለብሳ ሄደች። የሆነውን የነገረችኝ ስትመለስ ነው። የቤት ኮሚቴው ጸሐፊ የፋይዳ መታወቂያዋንና ውክልናውን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ የጻፈችውን ደብዳቤ አነበበ። አመልካች ቤተሰባቸው ከአዲስ አበባ የማይለቅ በመሆኑ ከቤት ውድድሩ ራሳቸውን ያገለሉ መሆኑን እናሳውቃለን ይላል፤ ስለ ዶክተር መሐሪ፣ ወኪላቸው ብላ ፈርማለች። ጸሐፊው ገቢ የሚል ማኅተም መታበትና እንዲህ ያለ ቤት የሚተው ሰው አይቼ አላውቅም አላት። እሷም እኔም አላየሁም አለችው።

ስትወጣ መሐሪን አየችው። የቢሮው በር ላይ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ቆሞ ያወራል፤ እነሱ ደብተራቸውን አቅፈው አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙታል። የልጅቷ ወረቀት ያለው እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው። ሃያ እርምጃ አይሆንም። ቆማ አየችውና ዞራ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ለምን አልጠየቅሽውም አልኳት፤ ወረቀቱን ይዛ ባለመምጣቷ ትንሽ ደንግጬ ነበር።

«ብጠይቀው ይሰጠኝ ነበር» አለችኝ። «ከሰጠኝ ደግሞ የሠራሁትን እነግረው ነበር። ከሰው እንዲሰማው ፈለግሁ።»

በዚህ መልስ ሁለታችንም ሳቅን። ከማክሰኞ ወዲህ ስትስቅ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት። ፊቷ ላይ ቀለም ተመለሰ፣ እራትም በላች።

ዓርብ ረፋድ ላይ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ቤቱ ላጲሶ ለሚባል፣ አራት ልጆች ላሉት የሒሳብ መምህር ወጣ። ለእሱ እንኳን ደስ ያለው፤ በአንድ ክፍል ይኖር እንደነበር ኋላ ሰምተናል። መሐሪ ሲደውል ብሩክታይት ሱቄ ውስጥ ነበረች። አልጮኸም። አንቺ ነሽ የጻፍሽው አላት፣ እኔ ነኝ አለችው። ከዚያ በመስመሩ ላይ የመኪና ጡሩምባ ብቻ ይሰማ ነበር። የልጅቷ ነገር ያኔ ነው ትዝ ያላት። ትምህርት ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፣ መልቀቂያውን በአውቶቡስ ሹፌር ላክልኝ፣ ላምበረት ወጥቼ እቀበላለሁ አለችው። ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር፤ ይደርሳል። ድምፁ የሚያስፈራ ቀዝቃዛ ሆኖ መጣ።

«እኔ ራሴን አግልያለሁ» አላት። «ደብዳቤሽ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ስልኩ ተዘጋ። ደጋግማ ደወለች፣ እኔም በእኔ ስልክ ደወልኩ፤ አያነሳም። ይልካል፣ አባት አይደል እንዴ እያልኩ ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ላምበረት ሄድኩ። ከዚያ መስመር የሚመጣ አውቶቡስ በገባ ቁጥር ሹፌሩን ትጠይቃለች። በዶክተር መሐሪ ስም የተላከ ፖስታ አለ ወይ? የለም። ስምንት ሰዓት ላይ የለም፣ ዘጠኝ ላይ የለም። አንዱ ሹፌር አዝኖላት ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን ፖስታዎች አንድ በአንድ አሳያት። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሀይሚ ከትምህርት ቤት ቢሮ ደወለች፤ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ አስቀምጠዋታል። መጣ ወይ አለች። እየመጣ ነው አለቻት እናቷ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ አውቶቡስ ገባ፤ ተሳፋሪው ወርዶ አለቀ፣ እኛም እንደቆምን ቀረን።

መሐሪ ወረቀቱን ይዞ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ማታውኑ ተጸጽቶ ነበር፤ ነገር ግን ማታ አውቶቡስ የለም። ሰኞ ሁለቱም አብረው ትምህርት ቤት ሄዱ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማ ሄዱ፣ ከዚያም በላይ ወዳለው ቢሮ ወጡ። ሁሉም ዘንድ መልሱ አንድ ነው፤ ምዝገባው ተዘግቷል። በእሱ ከተማ አስመዘግባታለሁ ብሎ ነበር፤ ያም በአካል ያልቀረበ ተማሪ አይመዘገብም ተብሎ ቀኑ አልፏል። ሀይሚ ከክፍሏ ሦስተኛ የምትወጣ ልጅ ናት። ጓደኞቿ ሲፈተኑ እሷ ቤት ተቀመጠች።

ከዚህ በኋላ ብሩክታይት ያሸነፈችውን ሁሉ አሸነፈች ማለት ይቻላል። መሸኛዋን መልሳ ወረዳው ተቀበላት፣ ውክልናውን አነሳች። መሐሪ በዚያች ከተማ መኖር አልቻለም። ሚስቱ ከቤት ያስወጣችው ዶክተር ተብሎ ከገበያ እስከ መምህራን ክበብ ተሳቀበት፤ ሁሉም ይተዋወቃል ሲል የሚያሞግሰው ነገር በእሱ ላይ ዞረ። ክረምት ላይ ሥራውን ለቆ መጣ። አሁን መገናኛ አጠገብ አንድ የግል ኮሌጅ ያስተምራል፤ ጠዋት ጠዋት ከሚስቱ ጋር የአባዶን የታክሲ ሰልፍ ይሰለፋል። አጠገብ ላጠገብ ቆመው አይነጋገሩም። ቤተሰቡ አንድ ቦታ ሆነ፣ ቦታውም አዲስ አበባ ሆነ። ክረምት ላይ ቁጭ ብለን እንወስናለን የተባለው ሳይወራ ቀረ።

መስከረም ሲጠባ ሀይሚ ስምንተኛ ክፍልን ደገመች። አብኔዘርም ከሰባተኛ አልፎ ስምንተኛ ገባ፤ ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ክፍል። የክፍል ኃላፊው የአባታቸውን ስም አይቶ መንትያ ናችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው አብኔዘር ቶሎ ብሎ አዎ አለ። ይህን የነገረኝ እሱ ነው። ለእናቱም ለአባቱም አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሀይሚ ዩኒፎርሟን፣ ደብተሮቿንና ትራሷን ይዛ በሬን አንኳኳች። እትዬ መኪያ፣ እርስዎ ቤት ጸጥ ይላል፣ እዚህ ላጥና አለችኝ። አንድ ሁለት ቀን መስሎኝ አስገባኋት። አሁን አራተኛ ወሯ ነው። ጓዳዬ አጠገብ ያለችውን ክፍል ሰጠኋት፣ የጥናት ጠረጴዛ ገዛሁላት። እኔ ሙስሊም በመሆኔ የማበስለውን ሥጋ ስለማትበላ ለሁለታችን የምሠራው ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ብቻ ሆነ፤ እኔም ለመድኩት። ፍስክ ሲሆን እናቷ ቀይ ወጥ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ከፊት ለፊት ትመጣለች። ትንሽ ልያት ትለኛለች፣ በገዛ ልጇ። ሀይሚ ከክፍሏ ወጥታ እናቷን ደህና አመሸሽ ትላለች፣ በትሕትና፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ። አባቷም አንዳንድ ቀን በር ላይ መጥቶ ይቆማል፤ ለእሱም እንዲሁ ናት። ሳህኑን ሳይነካ በማግሥቱ እመልሳለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅ ያልወለድኩ ሴት ነኝ፤ ጠዋት ስመርቃት አሜን ብላ ጉንጬን ስማኝ የምትወጣ ልጅ አገኘሁ። ከሁለቱ ይልቅ እኔን መረጠችኝ እያልኩ በሆዴ እኩራራ ነበር። ኮተቤ አያቷ አሉ፣ የካ ውስጥ አክስቷ አለች፤ እሷ ግን ወደ እኔ መጣች።

ባለፈው ሳምንት እራት ስናቀርብ ነው የጠየቅኋት። እንዲያው ምስጋና ፈልጌ መሆን አለበት። የኔ ልጅ፣ አያትሽ ቤትም ጸጥ ይላል፤ ለምን ወደ እኔ መጣሽ አልኳት። ሰላጣውን እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም።

«አያቴ ጋ ብሄድ አባቴ ብቻ ነው የሚናደደው» አለች። «እዚህ ስሆን ሁለቱም እኩል ይናደዳሉ።»

ትንሽ ቆርጣ ደግሞ ቀና ብላ አየችኝ፤ የእናቷ ዓይን ነው፣ መስኮት የምትለካበት።

«እርስዎም አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ያን ረቡዕ እናቴን ሲመክሯት በረንዳው ላይ ነበርኩ።»

ከኮሪደሩ ማዶ የብሩክታይት በር ሲከፈት ተሰማኝ፤ የፍስክ ቀን ስለነበረ ወጥ ይዛ እየመጣች ነው። ሀይሚ ሰላጣውን ወደ ሳህኑ ገልብጣ እጇን ታጠበችና ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ብቻ አስቀመጠች።